ዝም ብለን የቀጠፍነው ቅጠል

ዶክተር ትርንጎ ማረፋቸውን የነገረችኝ ማህሌት ናት። ካራ ካለችው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የሚንቋቋውን የበር ማጠፊያ ዘይት እየቀባሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ብለዋል?» አለችኝ።

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ዶክተር ዐረፉ።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ዝም አልን። ሌላ ሰው ቢሆን ዝምታው ይከብደው ነበር። እኛ ግን ለምደነዋል፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ማለዳ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ዳገት ወጥተናል። ሰው ሲሞት የሚነገርለት ብዙ ነው፤ እኔ ግን የዚያን ማለዳ ነገር ልንገራችሁ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የካ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም መጀመሪያ በአትክልተኝነት፣ ኋላ በላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዶክተር ትርንጎ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። አጠር ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ቀበና ነው። ክረምት ሲሆን የወንዙን ዳር ጭቃ በጫማቸው ይዘው ይመጡና በሩ ላይ በእንጨት ሲፍቁ እናገኛቸዋለን፤ ዶክተር ናቸው ብሎ ማን ይገምታል!

ገና በተዋወቅን ሳምንት አጠገቤ መጥተው ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩና «ጋሽ ቶሎሳ፣ እርስዎ በደንብ ካላለቀለቁት እኔ ቀኑን ሙሉ ስመራመር የምውለው ሳሙና ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ሰባት ጊዜ ነው የማለቀልቀው። እቤቴም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ ውሃውን ጨረስከው!» እያለች ስትጮህብኝ ኖረች።

አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «ይጻፍ» የምትል። ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ከእጃቸው አይለይም። መብራት ከሄደ «ይጻፍ»። ብርጭቆ ከተሰበረ «ይጻፍ»። አንድ ቀን የጾም ሽሮ ይዤ ሄጄ አብረን ስንበላ ጣፈጣቸውና «ይሄማ ይጻፍ!» ብለው እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው እውነትም ጻፉት። ከዚያ ደብተር ላይ ደግሞ ገጽ አይቀደድም። የተሳሳተ ነገር ከሆነ በአንድ መስመር ይሠርዙታል፤ ሥሩ ግን ይነበባል።

የእኔና የእሳቸው ነገር የተጀመረው በተሰበረ ብርጭቆ ነው። ጣቴን ቆረጠኝ። እሳቸው ራሳቸው አጥበው ሲያስሩልኝ «አባቴ ቢኖር ቅጠል ነበር የሚያደርግልኝ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

«ምን ቅጠል?» አሉ። እርሳሱ እጃቸው ውስጥ ነበር።

አባቴ ገመቹ ካራ አርሶ የሚኖር ሰው ነበር። አልድን ያለ ቁስል ያለበት ሰው ከሩቅም ከቅርብም ይመጣለታል። ቅጠሉን አድቅቆ፣ ዘፍዝፎ፣ ሦስት ቀን አስቀምጦ ነው የሚቀባው። ቅጠሉ ግን ከእሱና ከእኔ በቀር በማንም አይታወቅም። ሊሞት ሲል አስምሎኛል፤ «ለልጅህ እንጂ ለባዕድ እንዳትነግር፤ ስሙ የታወቀ መድኃኒት ይረክሳል» ብሎ። እኔ ደግሞ ልጅ አልወለድኩም።

መሐላው አንድ ነገር ነው። ሌላም ነበረ። አባቴ ቅጠሉን የሚዘፈዝፈው በአረቄ ነው። ጠርሙስ ይዞ ከመንደር ሲመለስ ያዩት ሁሉ ይሥቁበታል፤ «ገመቹ ግማሹን ለቁስሉ፣ ግማሹን ለጉሮሮው!» ይሉታል። ልብሱ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሲጠጣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ግን ልጅ ሁሉን አያይም። ስለዚህ ሽማግሌ ከሆንኩ በኋላ እንኳ አንድ ጥያቄ በውስጤ ነበረ፤ አባቴ ዐዋቂ ነበር ወይስ በቅጠል ያሳበበ ጠጪ? ላቦራቶሪ ደግሞ እውነቱን የሚያወጣ ቦታ ነው። ፈራሁ።

ዶክተር ግን አልገፉኝም። «ቢያመጡልን ማህሌት ትሠራበታለች፤ ቢቀርም እንደ ወትሮው ወዳጅ ነን» ብቻ አሉኝ። ማህሌት ያኔ የማስተርስ ተማሪያቸው ነበረች፤ የመመረቂያ ሥራዋን የምትሠራበት ተክል እየፈለገች ነበር። ሴትዮዋን እምቢ ማለት አቃተኝ፤ እሺ ማለትም አቃተኝ። በመጨረሻ ያደረግኩትን ስነግራችሁ ዛሬም አፍራለሁ። ከአጥሬ ሥር የሚበቅል፣ ከብት እንኳ ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሰፊ ቅጠል አለ። እሱን ከነአበባው ቆርጬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው።

«አባትዎ በምን ነበር የሚዘፈዝፉት?» አሉኝ።

«በውሃ» አልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመረ እግር አለው።

«እንግዲያው በውሃ። መጀመሪያ እንደ ባለቤቱ ነው የምንሠራው። የእኛ ብልጠት በኋላ ይደርሳል።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳን ያላት ትንሽ ሳህን ላይ እንደ ጄሎ የረጋ ነገር አለ። በእሱ ላይ ከቁስል የተገኘ ባክቴሪያ ይቀባል። ከዚያ በወረቀት መብሻ የወጣች የምታክል ክብ ወረቀት በቅጠሉ ጭማቂ ተነክራ፣ ደርቃ መሐሉ ላይ ትቀመጣለች። ሳህኑ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያድራል። ሲነጋ ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ሸፍኖት ይገኛል። ቅጠሉ ኃይል ካለው ግን በወረቀቷ ዙሪያ ጉሙ ይገፈፍና ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ዶክተር ሳጥኑን ከመክፈታቸው በፊት ሁለት ጊዜ እጃቸውን በነጭ ጋዋናቸው ላይ ያብሳሉ፤ ከዚያ ሳህኖቹን እንደ ሰው «እህ፣ ምን አደራችሁ?» ይሏቸዋል።

ቀለበቱን በማስመሪያ የምለካው እኔ ነበርኩ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ የትኛው ምን እንደሆነ አንነግርዎትም። እኔና ማህሌት የምንመኘውን ነው የምናየው፤ እርስዎ ያለውን ይንገሩን» ብለው ማስመሪያቸውን ሰጡኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የተማርኩት ማስመሪያ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ለካሁ። ቀለበት የለም። በሌላ ሳምንት ለካሁ፤ የለም። ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። «ዜሮ» እላለሁ፤ ዶክተር «ይጻፍ» ይላሉ። ማህሌት ከሳች። አንድ ቀን በኮሪደሩ ሳልፍ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ምንም ሪዛልት የለውም እኮ! የጋሼ አባት ሕዝቡን ሲያታልሉ ነው የኖሩት መሰለኝ» ትላለች።

ባልዲዬን አስቀመጥኩ። አየህ ቶሎሳ፣ አልኩ በልቤ። የአባትህን ስም እጠብቃለሁ ብለህ በገዛ እጅህ አሰደብከው።

ዶክተር ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። «ቅጠሉ እሱ አይደለም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን?»

«መሐላ አለብኝ።»

«ሌላስ?»

እንዴት ዐወቁ? እስካሁን ይገርመኛል። «ፈራሁ» አልኩ። «ዜሮ ቢሆንስ? አባቴ ውሸታም ሆኖ በደብተር ሊጻፍ ነው።»

«እኔም እኮ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እፈራለሁ» አሉ። «እጄን የማብሰው ለምን ይመስልዎታል? ስለሚያልበኝ ነው።»

«እንግዲህ ያንን ገጽ ይቅደዱልኝ፣ በእግዚአብሔር!»

«አይቀደድም። ያ ቅጠል ምን በደለ? አልሠራም፤ አለመሥራቱም ይጻፋል።» ደብተሩን ገለጡና ከዜሮዎቹ ሥር «ባለቤቱ የሚጠቀምበት ቅጠል አይደለም፤ ራሳቸው መጥተው ነገሩን» ብለው ጻፉ። «መሐላዎን ግን እኔ አልፈታውም፤ እሱን ከራስዎ ጋር ይጨርሱ።»

ማህሌትን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁለት ወር አቃጥዬባታለሁ፤ ብትሰድበኝ አልቀየማትም ነበር። ስታለቅስ ቆየችና መሐላው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለልጅህ ብቻ ነው የተባልኩት አልኳት። ዐይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«እና እኔን ልጄ አይሉኝም እንዴ ጋሼ? በየቀኑ ነው እንዴ የሚዋሹት?»

ሳቅኩ። እውነቷን ነው፤ በየቀኑ «ልጄ» ነው የምላት። ያስጨነቀኝ የአባቴ መሐላ ነገር በዚያች ጥያቄ አለቀ።

«እንዲያ ከሆነ ግን በሥርዓቱ ነው የሚቀጠፈው» አልኩ። ሥርዓቱ ደግሞ ከባድ ነው። ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ ይቀጠፋል። የሚቀጥፈው ሰው ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ለማንም ቃል አይተነፍስም። ጥላውም በተክሉ ላይ አያርፍም። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ዶክተር «ይጻፍ» አሉና አንድ በአንድ አስደገሙኝ።

ረቡዕ ንጋት ላይ ሁለቱም ካራ ደረሱ። ዶክተር ከቀበና እስከ ካራ በታክሲ ሲመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለረዳቱ «ካራ ነኝ» የሚል ወረቀት እያሳዩ ነው የመጡት። ረዳቱ መስማት የተሳናቸው መስሎት መልሱን በጣቱ እየቆጠረ ሰጣቸው፤ ሲወርዱም እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። ይህን የነገሩን በኋላ ነው፤ ያኔማ በጭንቅላት ብቻ ሰላም ተባብለን ዳገቱን ተያያዝነው።

ከካራ በላይ ያለው ጋራ ማለዳ ማለዳ የሯጮች መንገድ ነው። አንዱ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሲያልፍ «እንደምን አደራችሁ!» አለን። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ዝም። ዞሮ አየንና «ሰላምታም ተወደደ!» እያለ ሄደ። ማህሌት አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ እልፍ እንዳልን ደግሞ ዶክተር ሳማ ውስጥ ገቡ። ባዶ ቁርጭምጭሚታቸውን ሳማ ሲለበልባቸው አየሁ፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ቃል ግን አልወጣቸውም። የተማረ ሰው የአንድ ገበሬን ሥርዓት እንዲህ ሲያከብር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ተክሉ ጋ ደረስን። ፀሐይዋ ከወጣችበት ፊት ለፊት ቆመን፣ ጥላችንን ወደ ኋላችን ጥለን ቀጠፍን። ከረጢቱ ሞላ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው፤ አለቀ ለማለት።

«ዋይ እግሬን!» አሉ ዶክተር። የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነው። ሁለተኛው «ይጻፍ!» ነበር።

ማህሌት ቅጠሉን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ይሄ ክትክታ አይደል እንዴ? ሰው ሁሉ እኮ ለማገዶ ነው የሚቆርጠው!»

ነው። እኛ ቤት በኦሮምኛ ኢተቻ እንለዋለን። የአባቴ ትልቅ ምስጢር ሰው ሁሉ በየቀኑ ምድጃ ውስጥ የሚማግደው ቁጥቋጦ ነበር። አባቴ ስሙን የደበቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙን ቢያውቁት ይንቁት ነበር። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ዶክተር ግን አንዷን ቅጠል በጣታቸው አሽተው ጣታቸውን ከጣታቸው አላቀቁ። «ይጣበቃል» አሉ። ደግመው አሹት። «ሙጫ አለው።»

ከዚያ መውረዴን ስጀምር «ቆይ፣ ገና ነን» አሉኝና ሌላ ባዶ ከረጢት አወጡ። ረፋዱ ላይ፣ ጥላችን በደንብ እንዲያርፍበት ቆመን፣ ከእዚያው ተክል እንደገና ቀጠፍን። ይህኛው እየተወራ መቀጠፍ ስላለበት ማህሌት እንድታወራ ታዘዘች። የጠዋቱን የጎደለውን ሁሉ ሞላችው፤ የታክሲ ሰልፉን፣ የአክስቷን ሠርግ፣ የሚከራከራትን አስተማሪ። በአንዱ ከረጢት ላይ «ዝም ያልንበት»፣ በሌላው ላይ «ያወራንበት» ተብሎ ተጻፈ። ሥርዓቴን አከበሩት፤ አክብረው ሲያበቁ ደግሞ ፈተኑት። ቅር ሊለኝ ሲገባ አላለኝም።

ቅጠሉ በጥላ ደረቀ፣ ተፈጨ፣ እኔ እንደነገርኳቸው በውሃ ተዘፈዘፈ፤ ኃይል ካለው በውሃም ይሠራል ብዬ የአረቄውን ነገር አሁንም ደብቄያለሁ። ሳጥኑ ተከፈተ። እጃቸውን አበሱ። ለካሁ።

ዜሮ። ዝም ያልንበትም ዜሮ፣ ያወራንበትም ዜሮ።

ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንግዲህ አባቴ ጠጪ ነበር አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ መናገሬን አላወቅኩም።

ዶክተር ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ እንደገና ልጠይቅዎት። አባትዎ በምን ነበር የሚዘፈዝፉት?»

አቀርቅሬ ነገርኳቸው። አረቄውን፣ ጠርሙሱን፣ «ግማሹ ለጉሮሮው» የሚለውን ሳቅ። ስጨርስ ቀና ብል ዶክተር እንደ ልጅ ፊታቸው በርቷል።

«ማህሌት! ነይ፣ ነይ ቶሎ! በአረቄ ነው! ሙጫ በውሃ የት ይወጣል! አልኮል ነው የሚያወጣው!» ደግሞ ወዲያው ተረጋጉ። «ቆይ። አረቄው ራሱ ቢሆንስ ባክቴሪያውን የሚገድለው? እሱንም ለብቻው እናያለን።»

ይህ አልታሰበኝም ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው፤ ቀለበቱ ቢገኝ እንኳ የአረቄው ከሆነ አባቴ ያው ጠጪ ሊባል ነው።

በማግስቱ ማህሌት አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዛ በዋናው በር ስትገባ ጥበቃው «ዛሬ ደግሞ ምን በዓል ነው ላቦራቶሪ ውስጥ?» ብሎ አስቆማት። «የጋሽ ቶሎሳ አባት በዓል» ብላው ገባች። ሦስት ቀን ተዘፈዘፈ። እነሱም በመጽሐፋቸው ሦስት ቀን ነው የሚሉት፤ አባቴ መጽሐፍ አላየም። ዶክተር የአጥሬን ሥር ቅጠል ሳይቀር በአረቄ ዘፈዘፉት። «ለእሱም ዕድሉን እንስጠው» ብለው።

አምስት ወረቀቶች፣ አምስት ሳህኖች፤ ከሥራቸው ቁጥር ብቻ። ማንነታቸው የተጻፈበት ወረቀት ታጥፎ ዶክተር ኪስ ውስጥ ነው።

አንደኛውን ከፈትኩ። ጉም ብቻ። «ዜሮ» አልኩ። ሁለተኛው ጉም። «ዜሮ።» ድምፄ ራሴን አስፈራኝ። ሦስተኛውን ስከፍት መነጽሬን አስተካከልኩ። በወረቀቷ ዙሪያ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ የምትሰፋ፣ በደንብ ሰባት ጊዜ እንደተለቀለቀ ብርጭቆ የጠራች ቀለበት አለች። አራተኛው ላይም ልክ እሷን የምታክል። አምስተኛው ላይ ትልቅ።

ዶክተር ወረቀቱን ዘረጉት። አንደኛው አረቄው ለብቻው። ሁለተኛው የአጥሬ ቅጠል። ሦስተኛው ያወራንበት፣ አራተኛው ዝም ያልንበት። አምስተኛው ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ የሐኪም ቤት መድኃኒት።

«ዝምታችን ምንም አልጨመረለትማ!» አለች ማህሌት።

«ለቅጠሉ ምንም» አሉ ዶክተር። «እኔ ግን እንደዚያ ጠዋት አእምሮዬ ያረፈበት ቀን የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ አባትዎ አረቄውን የሚገዙት ለቅጠሉ ነበር። የአባትዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ።»

ነገርኳቸው፤ ጻፉት። አባቴ ፊርማው የጣት አሻራ ነበር። ስሙን በቀለም ተጽፎ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወደ ማጠቢያዬ ተመልሼ ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና አጠብኩት። ውሃው ይፈስሳል፤ እንባዬም እንደዚያው።

ሌላም ነገር ሞክረዋል። ሐምራዊ ውሃ አለ፤ ሰውነታችንን እንደ ብረት የሚያዝገውን ነገር የሚከላከል ቅጠል ሲጨመርበት ሐምራዊነቱ ይጠፋና ቢጫ ይሆናል። ክትክታው ወዲያው ቢጫ አደረገው። ያ የአጥሬ ቅጠል እንኳ ትንሽ አደበዘዘው። «አያችሁልኝ ይሄን ምስኪን!» አሉ ዶክተር፤ ልጃቸው ፈተና ያለፈላቸው ነው የሚመስሉት።

ግን አላጋነኑም። በሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ላይ ሲሞከር ቀለበት አልታየም፤ እሱም ተጻፈ። «ሳህን ሰው አይደለም፤ ገና ብዙ መንገድ አለው» ይሉኛል። ዛሬ ጎረቤት ቁስል ይዞ ሲመጣብኝ የማሳየው የጤና ጣቢያውን መንገድ ነው። ማህሌት በዚያ ሥራ ተመረቀች። ዶክተር ከጡረታቸው በኋላም በበዓል በበዓል ይደውሉልኝ ነበር፤ «ብርጭቆው እንዴት ነው?» ብለው።

ቀብራቸው ላይ ሰው ብዙ ነበር። በሳምንቱ ማህሌት ደወለችልኝ። አሁን እዚያው ተቋም ተመራማሪ ናት። «ጋሼ፣ የማያውቅ ዐይን እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሄድኩ። የዶክተር ማስመሪያ በጥቁሩ ደብተር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ለካሁ። ሁሉም ሳህን ጉም ነው።

«ምን ልጻፍ?»

«ዜሮ በይ» አልኳት። ጻፈች።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከእንጦጦ በኩል ነው የመጣችው፤ የእናቷን ቅጠል ያመጣችው እሷ ናት። ፊቴን አይታ ተነሣች።

«አልሠራም አይደል አባባ? እናቴ ዐዋቂ ናት ሲሉ እኮ…» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እሷም ተቀመጠች። እጄን ሱሪዬ ላይ ሁለት ጊዜ አበስኩ።

«እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ ልጄ» አልኳት። «እናትሽ በምን ነበር የሚዘፈዝፉት?»